የአሏህን ሩኽሷ መመለስ ተቅዋ አይደለም

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም

ምስጋና ሁሉ ፈጥሮ ላልተወን፣ ስንታመም መድኃኒቱን ላልነፈገን አሏህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም ለዓለም እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ረመዳን በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ የስኳር ሕመም ያለባቸው ወገኖቼ ናቸው። «ሐኪሙ እንዳልጾም ከልክሎኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩትን ጾም ግን እንዴት ልተው? ብሞትስ ጾሜን ይዤ ብሞት አይሻለኝም ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ከኢማን የመነጨ ነውና ጠያቂውን ማክበር ይገባል። መልሱ ግን ከስሜት ሳይሆን ከዒልም መምጣት አለበት። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለዚሁ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ፈትዋ የምሰጥ ዓሊምም አይደለሁም። በየቀኑ ኢንሱሊን በመርፌ የምወስድ፣ ሐኪሞቼ እንዳልጾም የከለከሉኝ፣ ለእያንዳንዱ የረመዳን ቀን አንድ ሚስኪን የማበላ ሙስሊም ነኝ። ስለ ጉዳዩ የሰውነትን ነገር ከሐኪሞች፣ የዲንን ነገር ከዑለሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ለእናንተ ማካፈል አማናዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር

አሏህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ድምፅ የማይሰማባቸው መልእክተኞች አኑሯል። ሐኪሞች ሆርሞን ይሏቸዋል። ከልዩ ልዩ ዕጢዎች ይመነጩና በደም ተጉዘው ለየአካላቱ ትእዛዝ ያደርሳሉ። ከአንጎል ሥር አተር የምታህል አንዲት ዕጢ አለች፤ ከሌሎቹ ዕጢዎች ብዙዎቹን የምታዝ እሷ ናት። አንገታችን ላይ የምትገኘው፣ ስታብጥ እንቅርት የምንላት ዕጢ፣ ሰውነት ጉልበቱን በምን ፍጥነት እንደሚጠቀም ትወስናለች። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ደግሞ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታውን አድሬናሊን ይለቃሉ። እኛ ስንተኛ እነርሱ አይተኙም።

ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመችው ቆሽት የደምን ስኳር ትጠብቃለች። የበላነው እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ቴምር ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ትለቃለች። ኢንሱሊን ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ በር ይከፍታል፤ ጉበትም የተረፈውን እንድታከማች ያደርጋል። ምግብ ሲቋረጥ ደግሞ ይኸችው ቆሽት ግሉካጎን የሚባል ሌላ ሆርሞን ትለቅና ጉበት ያከማቸችውን ስኳር ቀስ እያለች ወደ ደም እንድትመልስ ታዛታለች። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል።

የዚህን ሚዛን ረቂቅነት ለመረዳት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ስኳር ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። አምስት ሊትር በሚሆን ደም ውስጥ አንዲት ማንኪያ! ከዚያች በእጅጉ ሲጎድል አንጎል ይደነዝዛል፤ ሲበዛና ብዛቱ ሲሰነብት ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ጤነኛው ሰው ሱሁር በልቶ እስከ መግሪብ ሲጾም ይህች ማንኪያ ሳትጎድልም ሳትትረፈረፍም የምትቆየው በእርሱ ብልሃት ነውን? በፍጹም አይደለም። ሳያውቀው የሚጠብቁት የአሏህ ወታደሮች ስላሉ ነው። ስለዚህ ጾሞ ያመሸ ጤነኛ ሁሉ ጾመኛውን ወንድሙን ከመመልከቱና ያልጾመውን ከመታዘቡ በፊት ለቆሽቱ ጤና አሏህን ያመስግን።

ጠባቂው ሲታመም

የስኳር ሕመም ማለት ይህ ጥበቃ የላላበት ወይም የጠፋበት ሁኔታ ነው። ዓይነት አንድ በሚባለው ሕመም የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው ሰው ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖር አይችልም። ዓይነት ሁለት የሚባለውና በብዛት የሚታየው ደግሞ ኢንሱሊን እያለ ሰውነት አልታዘዝ ሲለው፣ ቆሽትም እየደከመች ስትሄድ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው በእርግዝና ወቅት የሚከሰት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል፤ እናቲቱ ግን በኋለኛ ዕድሜዋ ዓይነት ሁለት እንዳይዛት መጠንቀቅ ይኖርባታል።

ለሕመምተኛ ሁለት አደጋዎች ተደቅነዋል። አንደኛው የስኳር ማነስ ነው። የወሰደው ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለው እንክብል ምግብ ይምጣ አይምጣ ሥራውን አያቆምም። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊተር ሲወርድ ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይምታታል። ካልተደረሰለት ራሱን ይስታል። አላፊ አግዳሚው ሰክሯል ብሎ የሚያልፈውም አለ።

ሁለተኛው አደጋ የስኳር መብዛት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በጀመዓችን ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስዱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ረመዳን ሲገባ መርፌውን ተዉት። «ሐጂ፣ መርፌውንስ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ምንም ሳልቀምስ መርፌ ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን እያስመለሳቸውና ትንፋሻቸው እየተቻኮለ ልጆቻቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። አሏህ አተረፋቸው፤ አልሐምዱሊላህ።

ሐጂ የተናገሩት ለጆሮ እውነት ይመስላል፤ ገዳይነቱም እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ባይበላም ኢንሱሊን ይፈልጋል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ጉበት ሃይ ባይ እንዳጣ ሰው ስኳሩን ያለ ልክ ወደ ደም ትለቃለች። ጡንቻው በስኳር ተከቦ ይራባል። ያን ጊዜ ሰውነት ስቡን ማንደድ ይጀምርና ኪቶን የሚባል አሲድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጥማት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ ከባድና ፈጣን ትንፋሽ ይከተላል፤ ካልታከመም ሞት ነው። ይህ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ መጠኑ በሐኪም ይቀነስ ይሆናል እንጂ ኢንሱሊን በራስ ፈቃድ የሚቋረጥ መድኃኒት አይደለም።

አሏህ ያወረደው ሰበብ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አሏህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። የገጠር ሰዎች መጥተው እንታከም ወይ ብለው በጠየቋቸው ጊዜም እንዲታከሙ አዝዘዋቸዋል። የእኛ ሊቃውንት ይህን ትምህርት በሥራ ተርጉመውታል። ኢብኑ ሲና (980-1037 እ.ኤ.አ) አል-ቃኑን በተባለው ታላቁ የሕክምና ኪታባቸው ስለዚህ በሽታ ጽፈዋል። መድኃኒቱ ግን ለሰው ልጅ ከመገለጡ በፊት ብዙ ዘመን አለፈ።

እስከ 1921 (እ.ኤ.አ) ድረስ ዓይነት አንድ የያዘው ልጅ ተስፋ አልነበረውም። የዚያን ዘመን ሐኪሞች ትልቁ ሕክምናቸው ልጁን ማስራብ ነበር፤ በረሃብ ጥቂት ወራት፣ ሲበዛ ጥቂት ዓመታት ያቆዩታል። በዚያ ዓመት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የሚባል ሐኪምና ቻርልስ ቤስት የሚባል ተማሪ በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳ ቆሽት ኢንሱሊንን አወጡ፤ ኮሊፕ የሚባል ኬሚስት አጠራላቸው። በጥር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ከበሽታው ብዛት ወደ 30 ኪሎ የወረደ፣ መርፌውን ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ኢንሱሊኑን የሠሩት ሰዎች የፈጠራ መብታቸውን በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ብቻ ሸጡት።

እነዚያ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። ሆኖም መድኃኒቱን በሰው እጅ የሚያወጣው አሏህ ነው፤ ሙእሚን ደግሞ ሒክማን ከየትም ቢያገኛት ያነሳታል። ለሺህ ዓመታት ልጆቻቸው ሲሞቱ ያለቀሱ እናቶች ያላገኙትን ኒዕማ አሏህ ለእኛ ሰጥቶን ሳለ በረመዳን ቀን አሽቀንጥረን ብንጥለው፣ ይህ ተወኩል ነው ወይስ ኒዕማን መካድ?

ሸሪዓው ምን ይላል?

አሏህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ጾምን ግዴታ ባደረገባቸው አንቀጾች (183-185) ውስጥ፣ ትእዛዙን ባወጣበት እስትንፋስ፣ በሽተኛውንና መንገደኛውን ለይቶ አንስቷል፤ በሌላ ቀን እንዲያካክሱ ፈቅዷል። ለማይችለውም ሚስኪን ማብላትን ደንግጓል። ወዲያው አስከትሎም ለባሮቹ የሚሻው ገርነትን እንጂ ችግርን አለመሆኑን ተናግሯል። ወገኖቼ ሆይ፣ አስተውሉ! ጹሙ ያለው ጌታና በሽተኛ ከሆናችሁ አትጨነቁ ያለው ጌታ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ቃል ተቀብሎ ሁለተኛውን መተው ከየት የመጣ ነው? በዚያችው ሱራ በአንቀጽ 195 በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ በአንቀጽ 29 ደግሞ ራሳችንን እንዳንገድል ተከልክለናል።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የሆነ አንድ ታሪክ ጃቢር (ረ.ዐ) ማስተላለፋቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በጉዞ ላይ አንድ ሰው በድንጋይ ተመትቶ ራሱ ቆሰለ። ሌሊት በሕልሙ ጀናባ ሆነና ተየሙም ማድረግ ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነርሱም ውኃ እያለ ሩኽሷ አናገኝልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ በእጅጉ ተቆጡ፤ የገደሉት እነዚያ ፈትዋ የሰጡት ሰዎች መሆናቸውን ተናገሩ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው ሲሉም አስተማሩ።

ይህን ሐዲሥ ሳነብ ያ ድሃ ቁስለኛ ዛሬ ስንት ቤት እንዳለ አስባለሁ። ባልደረቦቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ለዲን የቆሙ መስሏቸው ነው። ዛሬም ለስኳር ሕመምተኛው «ጹም፣ አሏህ ይረዳሃል፤ እኔ የማውቀው ሰው ጾሞ ምንም አልሆነም» የሚለው ወዳጅ ክፉ አይደለም። ግን ያልተማረውን ሕክምና አክሞ፣ ያልተሾመበትን ፈትዋ ሰጥቷል። በሰው ነፍስ ላይ እንዲህ የደፈረ ሰው ከዚያ ቁጣ ራሱን ይጠብቅ።

ሌላም ልጨምር። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ መካ በተከፈተችበት ዓመት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በረመዳን ጾመው ጉዞ ጀመሩ። ኩራዑል ገሚም ከተባለ ቦታ ሲደርሱ ጾሙ ሰዎችን እንዳከበደባቸው ተነገራቸው። ከዐስር በኋላ ውኃ አስመጡ፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረጉት፤ ከዚያም ጠጡ። አንዳንዶች አሁንም ጾመዋል ሲባሉ እነዚያ አመፀኞች መሆናቸውን ተናገሩ። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያን ውኃ ከድንኳን ጀርባ ተደብቀው መጠጣት ይችሉ ነበር። ከፍ ያደረጉት የተቸገረው እንዳያፍር፣ ሩኽሷ ውርደት እንዳልሆነች ለማስተማር ነው።

የዘመናችንም ዑለሞች ዝም አላሉም። መቀመጫው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ) ባደረገው አሥረኛ ጉባኤ ለምግብነት የሚሰጥ ፈሳሽ እስካልሆነ ድረስ በቆዳ ሥር፣ በጡንቻም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ የሕክምና መርፌ፣ እንዲሁም ለምርመራ ደም መቀዳት ጾም እንደማያስፈታ ወስኗል። ስለዚህ ለመጾም የተፈቀደለት ሕመምተኛ በጾሙ ሰዓት ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ቢለካ፣ ኢንሱሊኑንም ቢወጋ ጾሙ አይበላሽም። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሳይለካ ውሎ ወድቋል!

በ2009 (እ.ኤ.አ) ደግሞ ይኸው አካዳሚ በሻርጃ በተደረገው 19ኛ ጉባኤው ከሐኪሞች ጋር ተመካክሮ የስኳር ሕመምተኞችን እንደ አደጋቸው መጠን በአራት ደረጃ ከፈላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ያሉት፣ ማለትም አደጋው የተረጋገጠባቸው ወይም የሚያመዝንባቸው፣ መጾም እንደማይፈቀድላቸው ወሰነ። ከእነዚህ መካከል በቅርብ ጊዜ ስኳራቸው በእጅጉ ወርዶ ወይም ኪቶን በዝቶባቸው የነበሩ፣ የስኳር ማነስ ሲመጣባቸው ምልክቱ የማይታወቃቸው፣ የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸውና ሕመሙ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ይገኙበታል። በቀሩት ሁለት ደረጃዎች ያሉት፣ በምግብ ጥንቃቄ ወይም እንደ ሜትፎርሚን ባለ መድኃኒት ስኳራቸው የተስተካከለላቸው ዓይነቶች፣ በሐኪም ምክር መጾም ይችላሉ። እንግዲህ ሁሉም የስኳር ሕመምተኛ ይጹም ወይም ሁሉም ይፍታ የሚል የለም። የእያንዳንዱን ደረጃ የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ የለየውን ሁክም የሚነግረው ዓሊሙ ነው።

ይህ ስጋት ከወረቀት የመጣ አይደለም። በ2001 (እ.ኤ.አ) በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ ሙስሊም የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። ዓይነት ሁለት ካለባቸው ከ100 ሰዎች 79ኙ፣ ዓይነት አንድ ካለባቸው ከ100 ሰዎች 43ቱ ቢያንስ 15 ቀን ጾመው ተገኙ። በረመዳን ከባድ የስኳር ማነስ ዓይነት አንድ ባለባቸው ከሌላው ወር ወደ አምስት እጥፍ፣ ዓይነት ሁለት ባለባቸው ከሰባት እጥፍ በላይ ጨመረ። ብዙዎቹ በሰላም ጾመዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ዒድን ተቀበሉ። እኔ ከየትኛው ነኝ የሚለውን ሳይጠይቁ መግባት አይገባም።

ሐኪሙ መጾም ትችላለህ ላለው

ለተፈቀደለት ወንድሜና እህቴ ጥቂት ነገር ላስታውስ። ዝግጅቱ በረመዳን ዋዜማ ሳይሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ፣ በረጀብ ውስጥ ይጀመር። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ያስማማልሃል። ሱሁርን አትዝለል፤ ሱናው እንደሚያዝዘው ወደ ፈጅር አቅርበው። ኢፍጣርንም አታዘግይ። እዚህ ላይ የሐኪም ምክርና የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሱና አንድ ሆነዋልና ደስ ይበልህ። በአንድ ወይም በሁለት ቴምርና በውኃ ከፈታህ በኋላ ሳምቡሳውንና ስኳር የተጨመረበትን ጭማቂ ልክ አብጅለት። ቀኑን ሙሉ የራበው ሰውነት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲጥለቀለቅ ደካማዋ ቆሽት ልትችለው አትችልም። ሆድ ተሞልቶ ከሚያመጣው ክፋት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውናል፤ ሲበዛ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲተው መክረዋል።

ወደ ተራዊሕ ስትሄድ ኪስህ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይለይህ። በቀን ደግሞ የደምህ ስኳር ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ፣ ወይም ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣብህ ወዲያው ፍታ። ከወረደብህ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ጠጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ለካ። ከበዛብህ ደግሞ ውኃ ጠጣና ወደ ሐኪምህ ፍጠን። ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርስ? አሥር ደቂቃ ቢቀርም ፍታ! ጌታህ ያንን ቀን በሌላ ቀን ትተካለት ዘንድ ፈቅዶልሃል፤ ነፍስህን ግን የምትተካበት ሌላ ቀን የለህም።

ሐኪሙ አትጹም ላለው

ለአንተም፣ ለአንቺም ቃል አለኝ። ሕመሙ እንደ እርግዝናው ጊዜያዊ ከሆነ ከዳናችሁ በኋላ ቀዷ ታወጣላችሁ። ዘላቂ ከሆነና መጾም ከቶ የማይቻላችሁ ከሆነ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን በማብላት ፊድያ ታወጣላችሁ። ለዚህም አቅም ያጣ ድሃ ቢሆን አሏህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም። በሰሜን ያሉ አገሮች ሰዎች በአጭሩ የክረምት ቀናቸው ቀዷ ያወጣሉ፤ በእኛ አገር ግን ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከ13 ሰዓት ብዙም አይርቅምና፣ ረመዳን የከበደው ሕመምተኛ በሌላ ወር ይቀለኛል ብሎ ሳይጠይቅ አይነሳ።

ከጾም ብትቀሩም ከረመዳን አልቀራችሁም። ቁርኣኑ አለ፣ ተራዊሑ አለ፣ ሰደቃው አለ፣ ለይለተል ቀድር አለች። ምላስን ከሐሜት፣ ዓይንን ከሐራም መጾም ለሁላችን ግዴታ ነው። እኔ በረመዳን መርፌዬን በምወጋበት ሰዓት ቢስሚላህ እላለሁ፤ ለጌታዬም ያ አምሮሐ ሩኽሷውን የተቀበልኩበት መታዘዝ ነው ብዬ እነይታለሁ። ጤነኛ ሳለ የሚሠራውን መልካም ሥራ ሕመም ያስተጓጎለበት ባሪያ ምንዳው እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብሥረዋልና ምን ጎደለብኝ?

ማርን፣ ሐበሱዳን (ጥቁር አዝሙድን)፣ ሩቅያንና ዘምዘምን በተመለከተም ልናገር። በእነዚህ ያለውን በረካ የሚክድ ሙስሊም የለም። ሩቅያ ይቀራላችሁ፤ ዱዓ ይደረግላችሁ። ነገር ግን ቁርኣን የሚቀራላችሁ ሰው መድኃኒታችሁን ጣሉ ካላችሁ ከሱና ወጥቷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓም አድርገዋል፣ ታክመዋልም። ማርም ፈውስ እንዳለበት ተነግሯል፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ማር የደሙን ስኳር ከፍ ያደርጋልና መጠኑን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ማንኛውም ፍሬ ወይም ቅጠል የኢንሱሊንን ቦታ አይተካም።

ለቀረነው ሁሉ

አሁን ንግግሬን ወደ ጤነኛው ልመልስ፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው የእኛ ዓይን ነውና። ከማውቃቸው እናቶች አንዷ በረመዳን መድኃኒታቸውን የሚውጡት፣ እንጀራቸውን የሚጎርሱት ማድ ቤት በር ዘግተው ነው። የሚደበቁት ከአሏህ አይደለም፤ እርሱ ፈቅዶላቸዋል። የሚደበቁት ከምራታቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ከጎረቤት ነው። አሏህ የፈቀደላትን እናት የምናሳፍር እኛ ማን ነን? አንዳንዱ ሕመምተኛ ከዚህ ሐፍረት ለመዳን ሲል ብቻ ይጾማል፤ ያ ጾም ለማን እንደተጾመ እንኳ ማሰብ ያስፈራል።

ኢማሞቻችንና ዱዓቶቻችን ሆይ፣ በሻዕባን ኹጥባችሁ ስለ ጾም ፈርድነት ስትናገሩ ስለ ሩኽሷውም ተናገሩ። አንድ ሕመምተኛ ሲጠይቃችሁ መልሳችሁ ሐኪምህ ምን አለ በሚል ይጀምር። ሐኪሞቻችን ሆይ፣ አትጹም ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ለምን እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ትእዛዙን አያከብርም። የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ለኢፍጣር ከምትሰበስቡት ሰደቃ ጥቂቱን ኢንሱሊንና የስኳር መለኪያ መግዛት ላቃተው ድሃ ብታደርጉት አንዲትን ነፍስ ሕያው ማድረግ ነው። ልጆች ሆይ፣ እናትና አባታችሁን ሱሁር ላይ ቀስቅሳችሁ መድኃኒታቸውን በእጃችሁ አቅርቡላቸው፤ መጾም ለተከለከሉትም ምሳቸውን ራሳችሁ አቅርቡላቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም በር አይዘጋም።

ሩኽሷውን የሰጠን ጌታ ሩኽሷው እንዲያዝለት ይወዳል። ስጦታን ለሰጪው መመለስ አደብ አይደለም፤ ሰጪው የዓለማት ጌታ ሲሆን ደግሞ እጅግ የከፋ ነው።

አሏህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ያሽር፤ ለጤነኞቻችን የጤናን ሹክር ይስጥ፤ የጾመውንም፣ በፈቃዱ የፈታውንም ይቀበል። በዲናችን ያለ ዒልም ከመናገር ይጠብቀን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።